ለአንድ ገበሬ ሁለቴ እንዳይከፈል፦ ጅማ ላይ ሲኒየር ባክኤንድ ዴቨሎፐር ስለ መቅጠር

ጥያቄው፦ «ያለነው ጅማ ነው። ለቡና አቅራቢዎችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የርክክብና የክፍያ ሲስተም ሠርተን እናከራያለን። ሦስት ፕሮግራመሮች አሉን፤ ሦስቱም ከተመረቁ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ሲስተሙ በላራቬል (የፒኤችፒ ቋንቋ የድር ማዕቀፍ) እና በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ የተሠራ ነው። ባለፈው የቡና ወቅት አንድ ሪፖርት እስኪከፈት ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር፤ ለተወሰኑ ገበሬዎችም በሞባይል ሁለት ጊዜ ክፍያ ሄዷል። ሲኒየር ባክኤንድ ዴቨሎፐር (ከጀርባ ያለውን የሰርቨርና የዳታቤዝ ሥራ የሚሠራ ልምድ ያለው ሰው) እንፈልጋለን ብለን ማስታወቂያ ካወጣን አራት ወር ሆነን። አምስት ዓመት ልምድ፣ ላራቬል፣ ኖድ፣ ፓይተን፣ ዶከር፣ ኩበርኔቲስ፣ ማይክሮሰርቪስ ይላል። ሲቪ ይጎርፋል፣ ሰው ግን የለም። በምን እንፈትን? ስንት እንክፈል? አዲስ አበባ ሆኖ በርቀት ቢሠራስ?»

ምላሽ፦

ከማስታወቂያው እንጀምር፤ ሰው የሚሸሸው ከዚያ ይመስለኛል። አንድ ሰርቨር ላይ ላለ፣ ሦስት ሰው ለሚጠብቀው ሲስተም ኩበርኔቲስ (ብዙ ሰርቨሮችን አንድ ላይ የሚያስተዳድር መሣሪያ) የሚጠይቅ ማስታወቂያ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲያነበው «እነዚህ ምን እንደሚፈልጉ ገና አልለዩም» ብሎ ያልፈዋል። የማያውቀው ደግሞ ዝርዝሩን እንዳለ ሲቪው ላይ ይገለብጠዋል። ሲቪ የበዛባችሁም ሰው የጠፋባችሁም በዚሁ ነው።

ማስታወቂያውን ከቴክኖሎጂ ስም ሳይሆን ከሕመማችሁ ተነስታችሁ ጻፉት። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «በቡና ወቅት ርክክብ የሚመዘግብና በሞባይል ገንዘብ የሚከፍል ሲስተም አለን። በላራቬልና በማይኤስኪውኤል የተሠራ ነው። ክፍያ አንዳንዴ ይደገማል፣ ሪፖርት ይዘገያል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እነዚህን ሁለቱን የሚፈታ፣ ከዚያም ሦስት ጀማሪዎችን የሚያበቃ ሰው እንፈልጋለን። ላራቬል ባያውቅም በሌላ ቋንቋ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሲስተም የጠበቀ ሰው ማመልከት ይችላል። ደመወዙ ከዚህ እስከዚህ ነው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። «በስምምነት» የሚል ማስታወቂያ ሥራ ላይ ያለን ሰው አያነቃንቅም፤ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ሥራ ላይ ያለውን ነው። በጃቫ ወይም በፓይተን የኖረ ጎበዝ ሰው ላራቬልን በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል። ዳታቤዝ በጭነት ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ግን ዓመታት ይወስዳል።

ስለ «አምስት ዓመት ልምድ» አንድ ነገር። ዓመቱ ራሱ ብዙ አይነግራችሁም። ፕሮጀክት ሠርቶ፣ አስረክቦ፣ ወደሚቀጥለው የሚሄድ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ የራሱን ስሕተት ሳያይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በስልክ ስታነጋግሩት (ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል) መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፦ ከሠራሃቸው ሲስተሞች ሰው ከተጠቀመበት በኋላ ረጅም ጊዜ አብረኸው የቆየኸው የትኛው ነው? በዚያ ጊዜ የከፋው ብልሽት ምን ነበር፣ እንዴት ታወቀ፣ ማን ነገረህ? «ደንበኛ ደውሎ» ካለ «ከዚያ በኋላስ ቀድመህ ለማወቅ ምን አደረግህ?» በሉት። የኖረበት ሰው ሰዓቱን፣ የሠንጠረዡን ስም፣ ያጠፋውን ነገር ሳይቀር ይነግራችኋል። ያልኖረበት «ቡድናችን ችግሩን በብቃት ፈትቷል» ብሎ ያልፋል።

አሁን ወደ ፈተናው። የስልተ ቀመር እንቆቅልሽ ተዉት፤ ለዚህ ሥራ የሚለካው ነገር የለም። «ቤትህ ወስደህ በሳምንት ሠርተህ አምጣ» የሚለውንም ተዉት፤ ሥራና ቤተሰብ ያለው ሰው አይሠራውም፣ ሌላው በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠርቶ ያመጣዋል። ፊት ለፊት ዘጠና ደቂቃ ይሻላል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያውን ይጠቀም፣ አትከልክሉት፤ በኋላ ግን የጻፈውን አስረዳኝ፣ ይህን መስመር ለውጥልኝ በሉት። ከሲስተማችሁ የክፍያውን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ አንድ ላፕቶፕ ላይ ጫኑ። የገበሬዎቹን እውነተኛ ስምና ስልክ አውጡ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ካለ ወዲህ የሰው መረጃ ለፈተና ማሳየት ቀልድ አይደለም።

ከዚያ ይህን ሁኔታ ስጡት። ከከተማ ውጭ ባለ መረከቢያ ጣቢያ መዛኙ እሸት ቡናውን መዝኖ «ክፈል» የሚለውን ይነካል። ሰርቨሩ ለሞባይል ገንዘብ አቅራቢው ጥያቄ ይልካል። ሠላሳ ሴኮንድ መልስ የለም። ስልኩ ላይ «አልተሳካም» ይላል። ገበሬው አጠገቡ ቆሟል፣ ከኋላ ወረፋ አለ፤ መዛኙ እንደገና ይነካል። ትንሽ ቆይቶ ከአቅራቢው ሁለት ማረጋገጫ ይመጣል። ስሕተቱ የት ነው? አስተካክለው።

ጀማሪ «ቁልፉ ከተነካ በኋላ ይደብዝዝ» ይላል። ይደብዝዝ፤ ነገር ግን ኔትወርክ ሲመለስ አፑ ራሱ ጥያቄውን ደግሞ ሊልከው ይችላል። መካከለኛው «ከመክፈሌ በፊት ተከፍሎ እንደሆነ ዳታቤዙ ውስጥ አያለሁ» ይላል። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ቅጽበት ቢደርሱስ? ሁለቱም ያያሉ፣ ሁለቱም ምንም አያገኙም፣ ሁለቱም ይከፍላሉ። እዚህ ላይ ዝም ብሎ አስቦ መንገዱን የሚቀይር ሰው ተስፋ አለው፤ «ያ እኮ በተግባር አይገጥምም» የሚለውን አሰናብቱት። ገጥሟችኋላ!

ሲኒየሩ ከሁሉ በፊት «አልተሳካም» የሚለውን ቃል ይቃወማል። መልስ አለመምጣት አለመሳካት አይደለም። «አልታወቀም» የሚባል ሦስተኛ ሁኔታ ያስፈልጋል፤ መዛኙም ስልኩ ላይ «በማጣራት ላይ» የሚል ማየት አለበት። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ርክክብ መለያ ቁጥር ገና ስልኩ ላይ፣ ከመላኩ በፊት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጠር ይላል፤ አሥር ጊዜ ቢነካም ያው ቁጥር ይሄዳል። ዳታቤዙ ውስጥ በዚያ ቁጥር ላይ ዩኒክ ኢንዴክስ (አንድ ቁጥር ሁለቴ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ) ያደርጋል፣ ስለዚህ ሁለተኛውን የሚመልሰው ኮዱ ሳይሆን ዳታቤዙ ራሱ ነው። ያንኑ ቁጥር ለአቅራቢውም ማጣቀሻ አድርጎ ይልካል። «አልታወቀም» ላይ የቀሩትን በየጥቂት ደቂቃው አቅራቢውን የሚጠይቅ ሥራ ከጀርባ ይሠራል። ሌሊት ደግሞ የእናንተ መዝገብና የአቅራቢው መግለጫ ይመሳከራሉ፤ ልዩነት ከተገኘ ጠዋት ሒሳብ ሹሟ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል እንጂ ፕሮግራሙ ራሱ አያስተካክለውም። ይህን ሁሉ ሳይል እንኳ «አቅራቢው የተደገመ ማጣቀሻ ሲደርሰው ራሱ ይመልሰዋል?» ብሎ የጠየቃችሁ እጩ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ከሁሉ የተሻለው እጩ አንድ ነገር ይጨምራል። ኮዳችሁን ገልጦ ለአቅራቢው የሚደረገው ጥሪ ዳታቤዝ ትራንዛክሽን (ወይ አብረው የሚጸኑ ወይ አብረው የሚሰረዙ እርምጃዎች) ውስጥ መሆኑን ያያል። (ጀማሪ የጻፈው የክፍያ ኮድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ የእናንተም ቢሆን አይገርመኝም።) ትራንዛክሽኑ ተከፍቶ መልስ ለሠላሳ ሴኮንድ ሲጠበቅ ረድፎቹ እንደተቆለፉ፣ ከዳታቤዙ ጋር ያለው ኮኔክሽንም እንደተያዘ ይቆያል። ሃምሳ ጣቢያ በአንድ ጊዜ ሲከፍል ኮኔክሽን ሊያልቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሪፖርቱም ይቆማል። ሁለት ሕመም ያላችሁት አንድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ይህን በራሱ ያየ ሰው ካገኛችሁ ቀሪውን ፈተና አሳጥሩት።

የሪፖርቱን ፈተና በሁለት ሚሊዮን የፈጠራ ረድፍ አዘጋጁት። የ400 ገበሬዎች ዝርዝር ከነቀሪ ሒሳባቸው ይውጣ። ኮዱ አንድ ጊዜ ዝርዝሩን፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ገበሬ አንድ ጊዜ እየጠየቀ 401 ጥያቄ ይልካል። እዚህ እጁን ተመልከቱ። መጀመሪያ የሚለካ ነው ወይስ የሚገምት? ዳታቤዙን «ይህን ጥያቄ እንዴት ነው የምትሠራው?» ብሎ የሚያስዘረዝር፣ የዘገዩ ጥያቄዎችን ሎግ የሚከፍት ሰው ሥራውን ያውቃል። ገና ሳያይ «ሬዲስ (መረጃን በሚሞሪ ይዞ የሚያፈጥን ሶፍትዌር) እንጨምር»፣ «ሰርቨሩን እናሳድግ» የሚል ገንዘባችሁን ያስወጣችኋል። ኢንዴክስ (ዳታቤዙ ረድፎችን ቶሎ የሚያገኝበት ማውጫ) ሲጨምርም መጀመሪያ ማኅበሩ፣ ቀጥሎ ቀኑ የሚለውን ቅደም ተከተል በምክንያት ያስረዳ፤ የቀኑን ዓምድ ፈንክሽን ውስጥ አስገብቶ ማጣራት ኢንዴክሱን ከጥቅም ውጭ እንደሚያደርገው ካወቀ እሰየው።

ሦስተኛው የኮድ ግምገማ ነው። ሰማንያ መስመር ያህል ኮድ አትማችሁ ከነስሕተቱ ስጡት፦ የይለፍ ቁልፍ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ፣ የዳታቤዝ (ኤስኪውኤል) ጥያቄው ተጠቃሚው የጻፈውን እንዳለ በመቀጠል ተሠርቶ፣ የውጭ ጥሪው የጊዜ ገደብ ሳይኖረው፣ ብሩ በተንሳፋፊ ነጥብ (ሳንቲሙን በግምት በሚይዝ) ቁጥር ተቀምጦ፣ መሐል ላይ ደግሞ ሁለት ሦስት የማያምር የተለዋዋጭ ስም። ስንት አገኘ ሳይሆን የቱን አስቀደመ በሉ። ከተለዋዋጭ ስም የሚጀምር ሰው ጀማሪዎቻችሁን ያስመርራል እንጂ አያሳድግም።

ብሩ ላይ ትንሽ ቆዩ፤ ለእናንተ ሥራ ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው። የቡና ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ዋጋው በፈረሱላ 1,000 ብር ነው እንበል። ገበሬው 340 ኪሎ አመጣ፣ ማለትም 20 ፈረሱላ፣ 20,000 ብር። ሲስተሙ ግን መጀመሪያ የኪሎውን ዋጋ አውጥቶ 58.82 ብሎ ካጠጋጋው በኋላ ቢያባዛ 19,998.80 ይሰጣል። አንድ ብር ከሃያ። ገበሬው በጣቱ ቆጥሮ ያውቃታል፣ ከዚያ በኋላ ሚዛኑንም አያምንም። እጩውን «የት ላይ ታጠጋጋለህ? ሳንቲሙን በምን ዓይነት ቁጥር ታስቀምጣለህ?» በሉት። በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ወይም በዴሲማል ዓምድ፤ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ ብቻ ማጠጋጋት ነው መልሱ።

የአገሩን መረጃም ያውቅ እንደሆነ በጥቂት ጥያቄ ይለያል። «ከድር አባ ዲጋ» የሚል ስም በክፍተት ተቆራርጦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ቢባል፣ «አባ ዲጋ» አንድ ስም ሆኖ ሳለ፣ ጅማ ላይ የብዙ ገበሬ አባት «አባ» ይሆናል። አንዱ ሰው በቁቤም በፊደልም ተጽፎ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ፀሐይና ጸሀይ ሲፈለጉ አይገናኙም። 09፣ 07 እና በመደመር ምልክት የሚጀምር 251 ወደ አንድ መልክ ካልመጡ ያው ገበሬ ሁለቴ ይመዘገባል፤ ስልክን ቁጥር አድርጎ ያስቀመጠማ ዜሮዋን ያጣታል። በፊደል የተጻፈ ኤስኤምኤስ በአንድ መልእክት 70 ቁምፊ ብቻ ይይዛል፣ በላቲን 160፤ ይህን የማያውቅ የመልእክት በጀታችሁን በእጥፍ ያስበላል። ጳጉሜን የሚረሳ ሪፖርትም በየዓመቱ አምስት ስድስት ቀን ያጣል።

አሁን ያላነሳችሁት ጥያቄ፦ ማን ነው የሚፈትነው? ሦስት ጀማሪዎች ሲኒየርን መመዘን አይችሉም፤ ባለቤቱም ኮድ ካላነበበ በንግግር ይወሰዳል። ለአንድ ቀን ከውጭ ሰው በክፍያ አስመጡ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ እዚሁ ነው፤ ከመምህራኑ መካከል ሥራ ላይ ያለ ሲስተም የሚጠብቅ ካለ ለዚህ ይሆናል። ከፈተናው በፊት ነጥቡን በወረቀት ወስኑ፣ ለክፍያው 40፣ ለሪፖርቱ 20፣ ለግምገማው 20፣ ለማስረዳት ችሎታ 20 ለምሳሌ። ጀማሪዎቹን ግምገማው ላይ አስቀምጧቸው፤ ሲያበቃ «ምን ተማራችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሦስቱም «ምንም» ካሉ ሰውየው አዋቂ ቢሆንም ለእናንተ አይበጅም፤ ግማሹ ሥራው ማሠልጠን ነው።

ስለ ደመወዝ። ቁጥር ልስጣችሁ አልልም፣ ስሌቱን ግን በእጃችሁ ያዙ፤ ድርድሩ የሚበላሸው አንዱ ያልተጣራ ሌላው የተጣራ እያሰበ ነው። ለምሳሌ ያህል 80,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ ብትሰጡ፣ በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ስለሚከፈልበት ግብሩ 25,950 ይመጣል። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ 5,600 ነው። እጁ የሚገባው 48,450። እናንተ ደግሞ 11 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም 8,800 ትጨምራላችሁ፣ ወጪያችሁ 88,800 ይሆናል። እጩው «ሃምሳ ሺህ» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ በመጀመሪያው ስልክ ጠይቁት።

በዶላር ከሚከፍል የውጭ ድርጅት ጋር በገንዘብ አትፎካከሩ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ በዶላር የሚከፈለው ሰው ምንም ሳይሠራ ደመወዙ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። እናንተ ያላችሁ ሌላ ነገር ነው፦ ቤተሰቡ ጅማ ሆኖ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው፣ በባንክ ሲስተም ውስጥ ቆይቶ ቢሮክራሲው የሰለቸው ሰው፣ የሠራውን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው። ደመወዙ በየስድስት ወሩ እንደሚታይ ውሉ ላይ ጻፉ፤ በወቅቱ ማብቂያ የተደገመ ክፍያ ካልተገኘ ጉርሻ ብላችሁ ብትጨምሩም አይከፋም።

በርቀት ይሠራል? ይሠራል፣ በሁለት ቅድመ ሁኔታ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታትና የወቅቱን መክፈቻ ሳምንት እዚህ ይሁን። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አውሮፕላንም አለ፤ ትኬቱን እናንተ ቁረጡ። መረከቢያ ጣቢያ ወስዳችሁ ከመዛኙ አጠገብ ግማሽ ቀን አቁሙት። የተሰነጠቀ ስክሪን፣ በቡና ጭማቂ የተለጠፈ ጣት፣ አንድ ሰረዝ ኔትወርክ ያየ ሰው «አልተሳካም» የሚለውን መልእክት ዳግም አይጽፍም። ሁለተኛ፣ በወቅቱ ምሽት ማን ስልክ እንደሚያነሳ፣ በስንት ደቂቃ ውስጥ፣ ለዚህስ ስንት እንደሚከፈለው ይጻፍ። ቤቱ መብራትና ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግም ጠይቁት፤ ሁለት መስመርና መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለው እናንተ ግዙለት።

ውሉ ላይ የሙከራ ጊዜን በጽሑፍ አስገቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም፤ ብቁ ሆኖ ካልተገኘ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለማስጠንቀቂያ መለያየት ትችላላችሁ። ከዚያ በኋላ እሱም ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። አሁን ካለበት ሥራ ያንን ሳይሰጥ «ነገ እጀምራለሁ» የሚላችሁ ከእናንተም እንዲሁ ይወጣል። የመነሻ ቀኑን ደግሞ ከቡናው ጋር አስማሙት። መስከረም መጀመሪያ ላይ ቢገባ፣ በሳምንት አምስት ቀን ሲሰላ፣ ሙከራው እስከ ኅዳር መጨረሻ ይሄዳል፤ አንድ ወር ኮዱን ያነባል፣ ከዚያ እሱ ጭነቱን ያያል፣ እናንተም እሱን ታዩታላችሁ። የካቲት ላይ የገባ ሰው ሙከራውን ባዶ ሲስተም ላይ ጨርሶ ያልፋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ክፍያ ማድረጊያውን ቁልፍ አትስጡት፤ ዳታቤዙን ማንበብ ብቻ ይበቃዋል። ባክአፑን ሌላ ማሽን ላይ እንዲመልሰው አድርጉ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይጻፍ። ባክአፕ አለን የሚሉ ብዙዎች መልሰውት አያውቁም። ዶሜኑ፣ ሰርቨሩ፣ የኤስኤምኤሱና የክፍያው መለያ በድርጅቱ ኢሜይል እንጂ በማንም የግል ስልክ ላይ እንዳይሆን በዚያው ሳምንት አረጋግጡ። ሰውየው በአሥረኛው ቀን «ሁሉንም እንደ አዲስ እንጻፈው» ካለ እምቢ በሉት፤ ወቅቱ ሳይጀምር አዲሱ አያልቅም፣ አሮጌውም ባለቤት ያጣል። መጀመሪያ ዩኒክ ኢንዴክሱ፣ ቀጥሎ የሌሊቱ ማመሳከሪያ፣ ከዚያ ሪፖርቱ።

እስከ ሐምሌ ድረስ ሰው ካላገኛችሁ ቋሚ ቅጥሩን ለጊዜው አቆዩትና የክፍያውን ጥገና ብቻ ለይታችሁ ለውጭ ባለሙያ ለአራት ሳምንት በኮንትራት ስጡ። የጥገናው ርክክብ የሚፈጸመው ከጀማሪዎቻችሁ አንዱ፣ ሠሪው ዝም ብሎ እያየ፣ ያንን የመዛኙን ሁኔታ ደግሞ አስነስቶ ሁለተኛው ክፍያ ሲመለስ ካሳየ በኋላ ነው፤ የመጨረሻው ክፍያም የሚለቀቀው ያን ጊዜ ይሁን።